«የተማረ ይግደለኝ» ያላሉ መራጮች

ሾላ ገበያ አጠገብ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ፀጉሬን የምስተካከልበት አንድ ፀጉር ቤት አለ። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ሙሉ ስማቸውን የሚያውቅ ደንበኛ ያለ አይመስለኝም። በወጣትነታቸው ለፋብሪካ ቡድን ኳስ ተጫውተዋል። ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆሙት። ከመስተዋቱ በላይ ከመጽሔት ተቆርጦ የተለጠፈ የአንድ ተጫዋች ፎቶ ነበራቸው፤ ቀይና ጥቁሩን የኤሲ ሚላን ማሊያ የለበሰው ጆርጅ ዊሃ። ፀሐይ ቀለሙን ከወሰደው ቆይቷል፤ ጋሼ ግን አላነሱትም።

ነገሩ የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ጋሼ «ምሁሩ» ይሉኛል፤ ግማሹ ኩራት፣ ግማሹ ሽሙጥ። የ1997ቱ ምርጫችን ጣጣ ገና አልበረደም። ፀጉር ቤት ውስጥ ስለራሳችን ምርጫ ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም፤ አጠገብህ ተራ የሚጠብቀው ሰው ማን እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ስለዚህ የሰው አገር ምርጫ እናወራለን። የዚያን ሰሞን ላይቤሪያ ደረሰችልን። ከረጅም የእርስ በርስ ጦርነት ወጥታ ፕሬዚዳንት ልትመርጥ ነው፤ ከ22ቱ ዕጩዎች አንዱ ደግሞ እዚያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሰውዬ ነው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ሰው ፕሬዚዳንት ልሁን አለ አሉ» አልኳቸው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ።

«ምነው? አይችልም?»

«ሁለተኛ ደረጃን እንኳ አልጨረሰም እኮ! ተፎካካሪው ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ የሃርቫርድ ምሩቅ ናቸው። ዓለም ባንክ ሠርተዋል፣ የተባበሩት መንግሥታት ሠርተዋል። እሱ ምን ሠርቷል? ኳስ!»

ጋሼ መቀሱን አቆሙና በመስተዋቱ ውስጥ አዩኝ። «ሰማህ ምሁሩ፣ ሴትየዋን ‹እሳቸው›፣ ልጁን ‹እሱ› አልክ። አንተ እኮ በአፍህ መርጠህ ጨርሰሃል፤ ምርጫ ጣቢያ መሄድም አያስፈልግህ።»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን እውነታቸውን ነበር። እኛ ቋንቋ ውስጥ ሰው የሚመዘነው ገና አፍ ሲከፈት ነው። ከፖለቲካው መንደር ውጭ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያልፈው ፈተና «አንተ» ወይስ «እርስዎ» የሚለው ነው።

ላይቤሪያ ለእኛ ባዕድ አይደለችም። አውሮፓውያን አፍሪካን ሲቀራመቱ ራሳቸውን ችለው ከቆዩት ሁለት አገሮች አንዷ እሷ፣ ሌላዋ እኛ ነን። ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1960 ሔግ ላይ የከሰሱት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ናቸው። ፍርድ ቤቱ ክሱን በ1966 ውድቅ አደረገው፤ በዚያው ዓመት ዊሃ ሞንሮቪያ ውስጥ ተወለደ። ከጦርነቱ በኋላም በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ሰላም ለማስከበር ከዘመቱት መካከል የኢትዮጵያ ወታደሮች ነበሩ። አንዱ የጋሼ የእህት ልጅ ነው። ጋሼ እኔን በክርክር የሚረቱኝ በእሱ ወሬ ነበር። «ሕፃኑም ሽማግሌውም 14 ቁጥር ማሊያ ነው የሚለብሰው ብሎኛል» ይላሉ።

ዊሃ ያደገው ክላራ ታውን በሚባል ረግረጋማ የድሆች ሰፈር ነው፤ ያሳደጉት አያቱ ናቸው። ኳስ እንጀራ ሳይሆንለት በፊት ስልክ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ከአገሩ ክለቦች ወደ ካሜሩኑ ቶኔር ያውንዴ ተሻገረ። የካሜሩን ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ የነበረው ክሎድ ለርዋ ጠቁሞት፣ አርሰን ቬንገር በ1988 ወደ ሞናኮ ወሰደው። ከዚያ ፒኤስጂ፣ ከዚያ ኤሲ ሚላን። በ1995 ባሎን ዶርን ወሰደ። ሽልማቱ አውሮፓ ውስጥ ለሚጫወቱ የሌላ አህጉር ሰዎች የተከፈተበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር፤ እስከ ዛሬ ሌላ አፍሪካዊ አልደገመውም። በቀጣዩ ዓመት ቬሮና ላይ፣ ከራሱ ግብ አካባቢ ተነስቶ ሜዳውን ሙሉ አቋርጦ ያገባትን ጎል ጋሼ በመቀስና በማበጠሪያ እያሳዩ ሲተርኩ ስንት ሰው ፀጉሩ በግማሽ ተቆርጦ ጠብቋል!

የላይቤሪያ ሰው የወደደው ግን ለጎሉ ብቻ አይደለም። አገሪቱ በጦርነት ስትፈርስ ለብሔራዊ ቡድኑ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ማሊያና አበል ከኪሱ የሚከፍለው እሱ ነበር። ያ ቡድን ለ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ሳያልፍ የቀረው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ በናይጄሪያ ተቀደመ። በ1996 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጣልቃ ገብቶ አገሩን እንዲያድን ከጠየቀ በኋላ ሞንሮቪያ የነበረው ቤቱ በታጣቂዎች ተቃጥሏል። እንግዲህ መንግሥት በሌለበት አገር ደመወዝ በሰዓቱ የሚከፍል፣ ከየጎሣው የመጣ ልጅ አንድ ማሊያ አልብሶ የሚያሰልፍ ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

እኛ «የተማረ ይግደለኝ» እንላለን። የዊሃ ደጋፊዎች የሚሉት ተቃራኒውን ነው፤ መጽሐፍ አወቀም አላወቀም የምንመርጠው እሱን ነው እያሉ ሞንሮቪያን አጥለቀለቋት። እኔ ይህን ስሰማ በተማሪነቴ ልብ «ድንቁርና ነው» ብዬ ደመደምኩ። ኋላ የላይቤሪያን ታሪክ ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ነው ያፈርኩት።

«መጽሐፍ ማወቅ» እዚያ አገር ከማንበብና ከመጻፍ ያለፈ ትርጉም አለው። ላይቤሪያን በ1847 ነፃ ሪፐብሊክ ብለው ያወጁት ከአሜሪካ የመጡ ነፃ ጥቁሮችና ልጆቻቸው ናቸው። ከሕዝቡ ጥቂቱ እጅ ሆነው ሳለ የእነሱ ፓርቲ ከመቶ ዓመት በላይ ገዛ። ትምህርት ቤቱ፣ ቢሮው፣ ፍርድ ቤቱ የእነሱ ነበር። የአገሬው ልጅ «መጽሐፍ አያውቅም» ሲባል ቦታህ እዚህ አይደለም መባሉ ነው።

በ1980 ሳሙኤል ዶ የተባለ ሳጅን ፕሬዚዳንቱን ቶልበርትን በገደለ መፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። የአገሬው ተወላጅ ነው፤ ትምህርቱም የረባ አልነበረም። ሕዝቡ «የእኛ ሰው መጣ» ብሎ በደስታ ተቀበለው፤ እሱ ግን አሥር ዓመት አስለቀሰው። ዶን ለመጣል በ1989 መጨረሻ ጦርነት የከፈተው ቻርለስ ቴይለር ደግሞ ከአሜሪካ ኮሌጅ በኢኮኖሚክስ የተመረቀ ሰው ነው። እስከ 2003 በቆዩት ሁለት ጦርነቶች ሩብ ሚሊዮን ገደማ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። በመሀል በ1997 ምርጫ ተደርጎ ቴይለር 75 በመቶ ድምፅ አግኝቷል። ደጋፊዎቹ እናት አባታችንን ቢገድልም እሱን እንመርጣለን እያሉ ነበር የሚሰለፉት፤ ካልመረጥነው ተመልሶ ይወጋናል ብለው ሠግተዋልና። ለእኛ «የተማረ ይግደለኝ» አባባል ነው። እነሱ ላይ ቃል በቃል ደርሷል።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ስተርክላቸው ምንም አልደነቃቸውም። የእህታቸው ልጅ ከአንድ የሞንሮቪያ ሽማግሌ የሰማውን ቀድሞ ነግሯቸዋል። «ያልተማረው ገደለን፣ የተማረው ገደለን፤ ያልገደለን ኳስ ተጫዋቹ ብቻ ነው» ብለውታል አሉ ሽማግሌው። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

በመጀመሪያው ዙር ዊሃ 28.3 በመቶ አግኝቶ አንደኛ ወጣ፤ ሰርሊፍ 19.8 አገኙ። በሁለተኛው ዙር፣ ጥቅምት 29 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ሰርሊፍ 59.4 ለ40.6 አሸነፉ። በአፍሪካ በሕዝብ ምርጫ ፕሬዚዳንት የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸው ነው። ዊሃ ተጭበርብሬያለሁ አለ፤ ደጋፊዎቹ ጎዳና ወጡ፤ ታኅሣሥ ላይ ግን አቤቱታውን ተወው። ያ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ምን ዓይነት እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ፀጉር ቤቱ ከቀናት በኋላ ሲከፈት ሄጄ «አላልኩዎትም?» አልኳቸው ጋሼን።

«ገና የመጀመሪያው አጋማሽ ነው» አሉኝ።

አንድ ነገር ልመንላቸው። የእኔ ምርጫም ቢሆን ከንቱ አልነበረም። ሰርሊፍ 12 ዓመት መርተው አገሪቱ ወደ ጦርነት አልተመለሰችም፤ ኢቦላ ሲመጣም ከነቁስሏ ቆማለች። የተሸነፈው ዊሃም እንደተሸነፈ አልቀረም፤ ትምህርት ቤት ገባ። በ2005 ዘመቻው ከለንደን አገኘሁት ያለው ዲግሪ ዕውቅና ከሌለው ተቋም የመጣ ነው ተብሎ መሳቂያ ሆኖ ነበር። በአርባዎቹ ዕድሜው ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ፣ ከአሜሪካው ዴቭራይ ዩኒቨርሲቲ በቢዝነስ አስተዳደር ተመረቀ። በ2011 ራሱን ዝቅ አድርጎ የዊንስተን ተብማን ምክትል ሆኖ ተወዳደረ፤ አሁንም አልሆነም። በ2014 የዋና ከተማዋን አውራጃ ሞንትሴራዶን ወክሎ ለሴኔት ሲወዳደር ከተፎካካሪዎቹ አንዱ የፕሬዚዳንቷ ልጅ ሮበርት ሰርሊፍ ነበር። ዊሃ 78 በመቶ ገደማ አግኝቶ ዘረረው። በኳስ ቋንቋ ከሜዳ ውጭ በአንድ ጎል ተሸንፎ፣ በሜዳው አምስት እንደማግባት ነው።

በዚህ መሀል የእኛም ተራ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ኃይሌ ገብረሥላሴ በሚቀጥለው ምርጫ ለፓርላማ እወዳደራለሁ ሲል ፀጉር ቤቱ እንደገና ለሁለት ተከፈለ። «ሯጭ ምን ያውቃል?» የሚሉ አሉ። «ሆቴል ሠርቶ ሠራተኛ ቀጥሮ ያሳየ፣ ምን ይጎድለዋል?» የሚሉ አሉ። ኃይሌ ኋላ ሐሳቡን ተወው። ክርክሩ ሳያልቅ ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ይሁንና እኔ ያን ቀን ራሴን ታዘብኩ፤ የላይቤሪያው ኳስ ተጫዋች ላይ የሳቅኩት ሰውዬ የአገሬን ሯጭ ስከላከል ሁለት ሰዓት ፈጀሁ። ከውጭ የመጣ ዕጩን የምንንቀው ትምህርቱን መዝነን ነው ወይስ የማን ወገን እንደሆነ አይተን?

2017 ደረሰ። ዊሃ በመጀመሪያው ዙር 38.4 በመቶ፣ የሰርሊፍ ምክትል የነበሩት ጆሴፍ ቦአካይ 28.8 በመቶ አገኙ። የማጭበርበር አቤቱታ ስለቀረበ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለተኛውን ዙር አገደ። የሁሉም ሰው ልብ ተንጠለጠለ። ዊሃ ግን ደጋፊዎቹን ይዞ ጠበቀ። ምርጫው በገና ማግስት ተካሂዶ 61.5 ለ38.5 አሸነፈ። ጥር 14 ቀን 2010 ዓ.ም. ቃለ መሐላ ሲፈጽም ላይቤሪያ ከ70 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ከአንድ የተመረጠ መሪ ወደ ሌላ የተመረጠ መሪ በሰላም ሥልጣን ስታስተላልፍ የመጀመሪያዋ ነበር። በዓሉ የተደረገበት ቦታ ስታዲየም ነው፤ ስታዲየሙ የሚጠራው በዚያው በሳጅኑ በሳሙኤል ዶ ስም ነው።

በማግስቱ ጋዜጦቻችን «እሱ»ን ወደ «እሳቸው» ቀየሩ። እኔም ቀየርኩ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ሰው ‹እሳቸው› ሆኑ» ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም፣ እሳቸው የተባለው ወንበሩ ነው። እስቲ እሱን እንየው።»

አየናቸው። ፕሬዚዳንት ዊሃ ሥራቸውን የጀመሩት ደመወዜን በ25 በመቶ እቀንሳለሁ በማለት ነው። «መጽሐፍ አያውቅም» የተባሉት ሰው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች እንዳይከፍሉ አደረጉ። በ51 ዓመታቸው ከናይጄሪያ ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ 14 ቁጥርን ለብሰው ሜዳ ገቡ። ጋሼ በሳቅ ሞቱ፤ ደስ ብሏቸዋል።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ኑሮ ተወደደ። በሰኔ 2019 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሙስናንና የዋጋ ንረትን በመቃወም ሞንሮቪያ ላይ ሰልፍ ወጡ፤ ከሰልፈኞቹ ብዙዎቹ ትናንት 14 ቁጥር ለብሰው የጨፈሩ ወጣቶች ናቸው። በ2022 አሜሪካ በሙስና ጠርጥራ ሦስት ከፍተኛ ባለሥልጣኖቻቸው ላይ ማዕቀብ ጣለች። በዚያው ዓመት ኳታር በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ልጃቸው ቲሞቲ ለአሜሪካ ተሰልፎ ዌልስ ላይ ጎል ሲያገባ ስታዲየም ውስጥ ነበሩ። እሳቸው በዘመናቸው ያላገኙት የዓለም ዋንጫ ነው፤ እንደ አባት ማን ይፈርድባቸዋል? ግን ዳቦ የተወደደበት ሕዝብ መሪው ለሳምንታት ከአገር ርቆ ሲከርም በአባት ዓይን አያይም። ክላራ ታውንም ያው ክላራ ታውን ነበረች።

እኔ እዚህ ላይ ድል ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። «ጋሼ፣ ይኸው! አገር መምራት ኳስ መምታት አይደለም» ለማለት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ባለሥልጣን ሆነው በሙስና የተጠረጠሩ፣ ኑሮ ያስወደዱ፣ ከአገር ርቀው የከረሙ ምሁር መሪዎችን ብቆጥር ጣቴ አይበቃኝም። ዊሃ የወደቁት ኳስ ተጫዋች ስለነበሩ አይደለም፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ እንደ ሌሎቹ ስለሆኑ ነው። ከውጭ የመጣ ዕጩ ትልቁ አደጋም ይኸው ይመስለኛል። ሕዝብ የሚመርጠው ከእነዚያ ይለያል ብሎ ነው፤ ቤተ መንግሥት ሲገባ ግን ዙሪያውን የሚከቡት እነዚያው ናቸው።

ነገር ግን ታሪኩ እዚያ አላለቀም። በ2023 ዊሃና ቦአካይ እንደገና ተገናኙ። በመጀመሪያው ዙር ዊሃ 43.83፣ ቦአካይ 43.44 በመቶ አገኙ። በሁለተኛው ዙር የመጨረሻው ቆጠራ ቦአካይ 50.64፣ ዊሃ 49.36 ሆነ። ልዩነቱ ወደ 20 ሺሕ ድምፅ ነው። አንድ የሥልጣን ጥመኛ መሪ በ20 ሺሕ ድምፅ ስንት ነገር ማድረግ እንደሚችል የአፍሪካ ሰው ሆኖ የማያውቅ የለም። «ይቆጠር»፣ «ይጣራ»፣ «የውጭ እጅ አለበት» ይባላል፤ ኢንተርኔት ይዘጋል። ወቅቱ ደግሞ ምዕራብ አፍሪካ በመፈንቅለ መንግሥት የታመሰችበት ነበር። ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ኒጀር፣ ጎረቤቷ ጊኒ ሁሉም በወታደር እጅ ነበሩ።

ኅዳር 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ምሽት ዊሃ ገና ውጤቱ በይፋ ሳይታወጅ ለሕዝባቸው ንግግር አደረጉ። ለቦአካይ ደውለው እንኳን ደስ አለዎት ማለታቸውን ተናገሩ። ፓርቲያችን ተሸንፏል፣ ላይቤሪያ ግን አሸንፋለች አሉ። ሥልጣን ላይ ሳሉ ለዳግም ምርጫ ቀርበው፣ በጠባብ ልዩነት ተሸንፈው፣ አንድም ወታደር ሳያንቀሳቅሱ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ነው። ቻርለስ ቴይለር በነገሠባት አገር!

ከዊሃ ወዲህ ብዙ እንግዳ ዕጩ አይተናል። ዩክሬናውያን በ2019 ኮሜዲያኑን ዜሌንስኪን መርጠዋል። ኡጋንዳ ውስጥ ዘፋኙ ቦቢ ዋይን በ2021 ከሙሴቬኒ ጋር ተፋጧል። በእያንዳንዱ ጊዜ የምንጠይቀው ያንኑ ጥያቄ ነው፤ ምን ተምሯል? ምን ልምድ አለው? ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ አገር እንደ ኳስ ሜዳ በዘጠና ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። እኔ ግን አሁን ሌላ ጥያቄ እጨምርበታለሁ፤ ይህ ሰው በተሸነፈ ቀን ምን ያደርጋል? በሲቪ ላይ የማይጻፍ፣ በዲግሪ የማይመዘን ነገር ነው። ኳስ ተጫዋች ምናልባት በዚህ ይበልጠን ይሆናል። በሕይወቱ ስንት ቅዳሜ ተሸንፎ፣ ከተጋጣሚው ጋር ማሊያ ተቀያይሮ፣ ሻወር ወስዶ ቤቱ ገብቷል።

በማግስቱ ቅዳሜ ሾላ ሄድኩ። ጋሼ አሁን መቀስ አይዙም፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ልጃቸው ነው የሚሠራው። እሳቸው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ፎቶው ግድግዳው ሲቀባ ተነስቷል።

«ጋሼ፣ ዊሃ ተሸነፉ።»

«በስንት?»

«በሃያ ሺሕ ድምፅ ገደማ።»

«አይ! ለአንድ ስታዲየም እንኳ የማይበቃ። ታዲያስ? ጦር አዘዘ?»

«የለም። ለሰውየው ደውለው እንኳን ደስ አለዎት አሏቸው።»

ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «አሁን እሳቸው ሆኑ» አሉኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፀጉሩን የሚስተካከል አንድ ወጣት በመስተዋቱ ውስጥ አየንና «እኛ አገር እንደዚህ ደውሎ የወረደ መሪ አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ልጁ ቶንዶዙን አጠፋው። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩና፣

«እስቲ ምሁሩ፣ አንተ አንብበሃል፤ ንገረው» አሉ።